ዶርሙ ባዶ ነው፣ ልጄ ግን አልገባችም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልጄ 12ኛ ክፍል ተፈትና ከ600 ላይ 268 አመጣች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት። የምንኖረው ገጠር ቀመስ ከተማ ውስጥ ነው። ከእኛ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ግማሹ ዶርም ባዶ ነው ይባላል። መንግሥት በየዞኑ ዩኒቨርሲቲ ገንብቶ ሲያበቃ በሩን ለምን ይዘጋል? ከፍተኛ ትምህርትን ማስፋፋት የሚባለው ነገር ቀረ ማለት ነው? አሁንስ ምን ላድርግ? ሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) ትግባ፣ ያለችኝን ላም ሸጬ የግል ኮሌጅ ላስገባት፣ ወይስ ድጋሚ ትፈተን?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ልጅዎ የቀረችው ቦታ ስለጠፋ አይደለም። ቦታ አለ። ዶርሙ ባዶ ነው የሚባለውም ሐሜት ብቻ አይደለም። የተቀየረው የማለፊያ ነጥቡ የሚወጣበት መንገድ ነው። ይህ ካልገባ ቀሪው ሁሉ ግራ ያጋባል።

ከ2014ቱ ፈተና በፊት አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ስንት አዲስ ተማሪ መቀበል እንደሚችሉ ይጠየቃሉ። ድምሩ ይወጣል። የተፈታኞች ውጤት ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። ቦታው ያለቀበት ላይ መስመር ይሰመራል። መቁረጫ ነጥብ ስንለው የኖርነው ያንን ነው። ቦታ ሲጨምር መስመሩ ዝቅ ይላል። ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ያላመጣ ተማሪ በብዛት ይገባ ነበር። ማንም ግን «ግማሽ አላመጣም» አይለውም፤ «አለፈ» ነው የሚባለው። ድንኳን ተጥሎ፣ በግ ታርዶ ይሸኛል።

ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ መስመሩ ከቦታ ጋር ያለው ግንኙነት ተቆረጠ። ከጠቅላላው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣ ያልፋል፣ ያላመጣ አያልፍም። በዚያው ጊዜ ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ እንዲፈተን ተደረገ። ኩረጃውንና ስርቆቱን ለመቁረጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ በመላ አገሪቱ መሰረዙን ያስታውሳሉ። ውጤቱ ሲመጣ አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ያለፉት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 ከመቶ ናቸው። በ2015 ያለፉት 27,267 ነበሩ፣ 3.2 ከመቶ። በ2016 ወደ 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። ጭማሪ ነው። ቢሆንም ዩኒቨርሲቲዎቻችን በዓመት ከመቶ ሺህ በላይ አዲስ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው፤ በ2017 ያለፉት ሁሉ ቢገቡ 50 ሺህ አይሞሉም። ባዶው ዶርም የመጣው ከዚህ ነው።

«ታዲያ መስመሩን ዝቅ አድርጎ ዶርሙን መሙላት ነዋ!» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህን ለሃያ ዓመት ያህል ሞክረነዋል። ምን እንደተገኘ ልንገርዎ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የተማሪው ቁጥር 33 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል አገሪቱ በጣት የሚቆጠሩ ተቋማት ይዛ ኖረች፤ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የቆሙት አዲስ አበባ፣ አስመራና አለማያ ነበሩ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ በየክልሉ የነበሩ ኮሌጆች ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደጉ። ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ማስፋፋቱ በዘመቻ ሆነ። መጀመሪያ 13 ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ፤ እነ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወሎ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ። ከዚያ እነ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ፣ መቱ፣ ወልቂጤ። በ2010 አካባቢ ደግሞ እነ እንጅባራ፣ ጂንካ፣ ቦንጋ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ወራቤ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 ይበልጣሉ። መሀል ላይ ደግሞ 70/30 መጣ። ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። ላቦራቶሪ የሌለው ግቢም ኢንጂነሪንግ ከፈተ።

ማስፋፋቱን የማጣጥል ሰው አይደለሁም። የገበሬ ልጅ ዲግሪ ያገኘው በዚህ ፖሊሲ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባበት ከተማ ሁሉ መንገድ፣ ባንክና ፋርማሲ ገብቶለታል። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሕንፃው ላይ ሲሮጥ ታች ያለው ትምህርት ቤት ተረሳ።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ትምህርት ቤት ላሳይዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የምዘና ሥራ ወደ አንድ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ላቦራቶሪውን ልይ አልኩ። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ዝጓል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ገበያ ሄዷል ተባለ፤ ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ተከፈተ። ማይክሮስኮፖቹ ከነላስቲካቸው ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ካርቶኑን የቀደደው ሰው የለም፤ አይጥ ግን ጀምራዋለች። ውኃ የለም፣ መብራት የለም፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን የለም። የፊዚክስ መምህሩ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ ሒሳብም ደርቦ ያስተምራል። 12ኛ ክፍል ገብቼ ሌንስ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ተማሪ እንዲነሳ ጠየቅሁ። የተነሳው አንድ ልጅ ነው። ከአያቱ መነጽር አውልቆ አይቶት ኖሯል።

ያ ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ሰነፍ አልነበሩም። ፈተናው የሚጠይቃቸው ግን አይተውት የማያውቁትን ነገር ነው። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር። ተማሪ ካስፈተኑት ውስጥ ከመቶ ከ40 በላይ ማለት ነው። በአንጻሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና በየከተማው ያሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከላይ ይሰለፋሉ። ፈተናው ያው አንድ ፈተና ነው። ጦርነቱን ደግሞ ይጨምሩበት። በትግራይ ልጆች ዓመታት አጥተዋል። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በሺዎች ይቆጠራሉ። መስመሩ ግን ለሁሉም እኩል ግማሽ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው አዙሪትም አለ። በማስፋፋቱ ዓመታት መምህርነት የመጨረሻ ምርጫ ሆነ። ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተመደበበት። ሳይበስል ተመርቆ ወደዚያው ወደ ወረዳው ተመለሰ። የልጅዎ መምህር ምናልባት የዚያ ዘመን ውጤት ነው። እሱም አልተበደለም አልልም። እንግዲህ «በሩን ክፈቱት» ስንል ከዚህ አዙሪት ውስጥ ተጨማሪ ሰው አስገቡበት እያልን ነው።

በሩን ከፍቶ ማስገባቱ ሌላም ወጪ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ። ቤተሰብ አራት ዓመት ከፍሎ፣ ልጁ ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ፣ ወረቀቱ ግን የለም። በር ላይ መቅረት ያማል። ከአራት ዓመት በኋላ መውጫው ላይ መቅረት ደግሞ የባሰ ያማል፤ ያኔ ዕድሜውም ብሩም ሄዷል።

ስለዚህ ማስፋፋቱ ቀርቷል ወይ ላሉት፣ ቆሟል ማለት ይሻላል። አሁን ያለው ፖሊሲ አዲስ ግቢ መገንባት አይደለም። ያሉትን በተልዕኮ መለየት ነው፤ የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው ተከፍለዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ራስ ገዝ አድርጎታል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ ተብሏል። ራስ ገዝ ማለት ተማሪውን ራሱ የሚመርጥ፣ ክፍያውንም ራሱ የሚተምን ተቋም ነው። ይህ ለጥራት ይጠቅም ይሆናል። ለእንደርስዎ ዓይነት ቤተሰብ ግን ዓይን ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመንግሥት ተመድቦ በወጪ መጋራት የሚማር ተማሪ ውል ፈርሞ ይገባና ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ከ1996 ጀምሮ ያለው አሠራር ይኸው ነው። የራሱን ከፍሎ የሚማር ግን ብሩን መጀመሪያ ያወጣል። ሁለቱን እንዳያምታቱ።

እኔ የማልስማማበትን ልናገር። ግማሽ ያላመጣ አይግባ ማለት ትክክል ነው። ትምህርት ቤቶቹን ሳያስተካክሉ በአንድ ሌሊት ማለት ግን ቅጣቱን ልጆቹ ላይ ጣለው። ሕንፃው ቆሟል፤ ተማሪ ኖረም አልኖረም የመምህራን ደሞዝ ይከፈላል። ባዶ ዶርም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በዙሪያቸው ካሉት፣ ማንንም ካላሳለፉ ትምህርት ቤቶች የ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወስደው እንደ አዳሪ ማስተማር አለባቸው። ላቦራቶሪ አላቸው፣ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ ሥራ የፈታ መምህር አላቸው። ትልቁ ወጪ ምግብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለዓመታት በቀን 22 ብር በጀት ሲመገብ ኖሮ በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ባዶ ክፍል ከመጠበቅ ይሻላል። ወላጆች በየስብሰባው ይህን ብትጠይቁ፣ «በሩን ክፈቱ» ከማለት የተሻለ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ እንምጣ። ከሦስቱ አማራጮችዎ መጀመሪያ የምሰርዘው ላሟን ነው።

«የግል ኮሌጅ ብር ካለ ይቀበላል» የሚለው የድሮ ወሬ ነው። ግማሽ የሚለው መስመር ለግል ተቋማትም ይሠራል። 268 ይዛ በቀጥታ ዲግሪ ልትመዘገብ አትችልም። «ችግር የለም፣ እኛ እናስተካክላለን» የሚል ሬጅስትራር ካጋጠመዎት ከዚያ ግቢ ቶሎ ይውጡ። ዲግሪ ብሎ መዝግቦ ሌላ ነገር የሚያስተምር፣ ወይም መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና የማያስፈትን ቤት አይቻለሁ። አንድ የማውቀው አባት የሦስት ዓመት ክፍያ ከፍሎ የልጁ ስም በሥርዓቱ ውስጥ እንደሌለ የሰማው ልጁ ሊመረቅ ሲል ነው። ለወደፊቱም ቢሆን ይህን ይያዙ። የእውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ መደበኛው ለብቻ፣ ማታውና ርቀቱ ለብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ለአካውንቲንግ ፈቃድ አለው ማለት የእናንተ ከተማው ለነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት አይመኑ፤ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣሩ።

ድጋሚ መፈተን ይቻላል፤ በግል ተፈታኝነት። ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ዘንድሮ ያልነበረው ነገር በሚቀጥለው ዓመት ምን አለ? ያው ቤት፣ ያው ደብተር፣ መምህር ደግሞ የለም። ወንድሟ ከከተማ መጥቶ የሚያስጠናት ከሆነ፣ ወይም ከተማ ዘመድ ቤት ሆና ማጠናከሪያ የምትማር ከሆነ እሺ። አለበለዚያ ዓመቱ በእንጀራ መጋገርና በውኃ መቅዳት ያልቃል። ሴት ልጅ ቤት ስትቀመጥ ቤቱ ሥራ አያጣላትም፤ ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል።

ሪሜዲያል የሚባለው ለእሷ ዓይነት ተማሪ የተዘጋጀ ነው። ግማሽ ሳይሞሉ የቀሩትን በየዓመቱ በሚወጣ ሌላ መቁረጫ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቸዋል። ነጥቡ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች ዝቅ ይላል። እስካሁን ባለው አካሄድ 268 ላመጣች ሴት ልጅ ሩቅ አይደለም። ግቢ ገብታ የ12ኛ ክፍሉን ትምህርት እንደገና ትማራለች፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ። ከመቶው 30ው በዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ 70ው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነው። 50 ካመጣች ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ትሆናለች፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል። ካላመጣች ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ሰው ሲቀልድ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፤ አዎ፣ ሪሜዲያል የፈሰሰውን መልቀም ነው። ቢሆንም የሚለቅመው በላቦራቶሪና በመምህር ነው፤ ቤት ይህ የለም።

ሪሜዲያል ሲገቡ ብዙ ልጆች የሚወድቁበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ አስተምሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ወር ነው። ዶርም፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ስልክ። «ገና ነው» ይባባላሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን ልጅ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምር አልኩት። ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ክፍሉ አልሳቀም፤ ግማሹም እንደዚያው ጽፎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊዚክሱን ትቼ ሁለት ሳምንት ክፍልፋይ አስተማርኩ። ልጅዎም ከመሄዷ በፊት ባሉት ሳምንታት የ12ኛውን ሳይሆን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ታውጣ። ቀላል ይመስላል፤ ትጨርሰው። እንግሊዝኛውን ደግሞ በየቀኑ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብ። አምስቱም ፈተናዎች የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ፊዚክስ የወደቀ የመሰለን ብዙ ልጅ የወደቀው ጥያቄውን ማንበብ ላይ ነው።

የሪሜዲያል ነጥቡም ካልደረሳት፣ ወይም ገብታ ካልሆነላት፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። እንደ መጣያ አይዩት። ኤሌክትሪክ፣ አውቶሞቲቭ፣ የምግብ ዝግጅት ተምሮ የብቃት ምዘና ያለፈ፣ ማለት ሲኦሲ የያዘ ሰው፣ ሥራ ካጣ ባለዲግሪ ይልቅ ቀድሞ ሲበላ አይቻለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከቴክኒክና ሙያ ወደ ዲግሪ የሚያሻግረው ደንብ ሲቀያየር ኖሯል። «ከደረጃ 4 በኋላ ቀጥታ ዲግሪ ትገባለች» ብሎ የሚያስመዘግብ ካለ በጽሑፍ ያሳይ።

ቴሌግራም ላይ የሪሜዲያል መልስ እንሸጣለን፣ ምደባ እናስቀይራለን የሚሉ ሞልተዋል። ለማንም ብር አይላኩ። ምደባዋን ራሷ በመፈተኛ ቁጥሯ ከትምህርት ሚኒስቴር ገጽ ታያለች። መፈተኛ ቁጥሩን ሌላ ሰው አይያዘው፤ ፎቶውንም ለማንም አይላኩ።

እንግዲህ ምክሬ አንድ ነው። ሪሜዲያል ከደረሳት ትግባ፤ ሌላ ነገር አያመዛዝኑ። ለጉዞ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለደብተርና ለመጀመሪያው ወር ኪስ የሚሆን ብር ያዘጋጁላት፤ ለዚህ ላም አይሸጥም። ስትሄድ የ8ኛ ክፍሉን የሒሳብ መጽሐፍ ሻንጣዋ ውስጥ መክተቷን ግን እርስዎ ራስዎ ያረጋግጡ። ልጆች ያፍሩበትና ቤት ትተውት ይሄዳሉ።